የውሻ ኢንፍሉዌንዛ

የውሻ ኢንፍሉዌንዛ በ«ኤ» ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ቫይረሶች የሚመጣ ተላላፊ የመተንፈሻ አካላት በሽታ ነው። ውሾች የራሳቸው የሆነ ኢንፍሉዌንዛ የላቸውም ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። ይህ እምነት የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ግሬይሀውንድ የተባሉ የእሽቅድምድም ውሾች በሳልና በትኩሳት ተይዘው፣ አንዳንዶቹም ሳንባቸው ደም አዝሎ በሞቱ ጊዜ ነው። የተገኘባቸው ኤች3ኤን8 ቫይረስ ከ1963 ጀምሮ ፈረሶችን ሲያጠቃ የኖረው ነበር፤ በጥቂት የዘረመል ለውጦች ብቻ ወደ ውሻ ተሻግሯል።

ሁለተኛው ዝርያ ኤች3ኤን2 መነሻው ወፎች ናቸው። በ2000ዎቹ አጋማሽ በእስያ ታይቶ በ2015 ቺካጎ ገባ። አሜሪካ ውስጥ ስርጭቱ በየጊዜው ቢከስምም ከእስያ በሚመጡ ውሾች እንደገና ገብቷል።

ሥርጭቱን የሚወስነው በዋናነት የውሾቹ አኗኗር ነው። የቤት ውሻ የሚያገኛቸው ውሾች ጥቂት ስለሆኑ ሰንሰለቱ ቶሎ ይበጠሳል። በመጠለያ ግን ያልታመመ አዲስ ውሻ በየጊዜው ስለሚገባ ቫይረሱ መተላለፊያ አያጣም። በኤች3ኤን2 የተያዘ ውሻ ከሦስት ሳምንት በላይ ቫይረሱን ሊያሰራጭ ይችላል፤ ሳሉ ቆመ ብሎ ከሌሎች ውሾች ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው። ኤች3ኤን8 ግን ከ2016 ወዲህ ከውሾች መካከል የጠፋ ይመስላል።

እነዚህ ሁለት ዝርያዎች ሰው መያዛቸው አልተረጋገጠም። ይሁንና በደቡብ ቻይና ውሾች ውስጥ የአሳማና የውሻ ቫይረሶች ዘረመል ተቀላቅሎ ስለተገኘ ክትትሉ ሊላላ አይገባም። ለሁለቱም ዝርያዎች ክትባት አለ፤ ክትባቱ በሽታውን ያቀላል እንጂ መያዝን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም።