ሶፍ ዑመር፦ የዌብ ወንዝ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ያበጀው መንገድ

ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የዌብ ወንዝ ወደ ምሥራቅ ወርዶ ቆላው ላይ ሲደርስ በአንድ ስፍራ ከዓይን ይሰወራል። ከፊቱ በተደቀነው የኖራ ድንጋይ ገደል ሥር ገብቶ በጨለማ ከተጓዘ በኋላ፣ በቀጥታ ቢለካ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ እንደገና ወደ ብርሃን ይወጣል። በመግቢያውና በመውጫው መካከል ወንዙ ቦርቡሮ የተዋቸው መተላለፊያዎች በሙሉ ተደምረው ግን ከ15 ኪሎ ሜትር ይበልጣሉ። በኢትዮጵያ ከተለኩት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ተብሎ የሚታወቀው ሶፍ ዑመር ይህ ነው።

ስሙን ያገኘው በስፍራው እንደኖሩና እንዳስተማሩ ከሚነገርላቸው የእስልምና አባት ከሼህ ሶፍ ዑመር ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ሼሁና ተከታዮቻቸው ዋሻውን ለመጠለያም ለስግደትም ተጠቅመውበታል። ከእርሳቸው በፊትም ቢሆን ስፍራው በኦሮሞ ባህላዊ እምነት የተከበረ ነበር። ዛሬም ምዕመናን ለዝየራ ይመጣሉ። ስለዚህ ሶፍ ዑመርን የጎብኚ መዳረሻ ብቻ አድርጎ መግለጽ ግማሹን መተው ነው፤ ጫማውን አጥብቆ ባትሪውን ይዞ የሚገባ ተጓዥ የሌሎች ሰዎች የጸሎት ቤት ውስጥ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።

ዋሻውን ለውጭው ዓለም በጽሑፍ ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪምና አሳሽ አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሚዝ በ1894 በዚያ በኩል ያለፈ ሲሆን የጉዞ መጽሐፉ ከሦስት ዓመት በኋላ ታትሟል። መተላለፊያዎቹ በአግባቡ ተለክተው በካርታ ላይ የሰፈሩት ግን በ1972 አንድ የብሪታንያ የዋሻ አሳሾች ቡድን ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እውቀት በአብዛኛው በአካባቢው መሪዎች አእምሮ ውስጥ የተያዘ ነበር፤ በኦሮምኛ "ሆልቃ" ማለት ዋሻ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የእነርሱን ገለጻ ሲሰማ ብዙ የቦታ ስም ይገለጥለታል።

ውሃ ድንጋይን እንዴት ያሟሟል?

የሶፍ ዑመር ድንጋይ ዛሬ ደረቅ በሆነው በዚህ ምድር ላይ ባሕር በነበረበት፣ በጁራሲክ ዘመን የተነጠፈ ነው። በባሕሩ ወለል የተከማቸው የዛጎልና የጭቃ ንጣፍ ደርቆና ተጨምቆ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ደግሞ ከመሬት ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ በላዩ የባዛልት ሽፋን አለበሰው። ወንዙ ይህን ሽፋን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን የኖራ ድንጋይ ሲያገኝ የመጓዣ ስልቱ ተለወጠ።

ባዛልት ውሃን ይችላል፤ የኖራ ድንጋይ ግን አይችልም። ዝናብ ከአየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥርና ብስባሽ ካለበት አፈር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ በድንጋዩ ስንጥቆች ገብቶ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟል። የጣት ውፍረት የሌለው ስንጥቅ በሺህዎች ዓመታት ውስጥ ቱቦ፣ ቱቦው ደግሞ አዳራሽ ይሆናል። በዚህ መንገድ የተፈጠረ ምድር በሳይንስ "ካርስት" ይባላል፤ ቃሉ የመጣው በዛሬዋ ስሎቬኒያና በጣሊያን ድንበር ካለ የኖራ ድንጋይ አምባ ስም ነው። ምልክቶቹ በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ናቸው፦ ወንዝ የማይታይበት ሸለቆ፣ መሬቱ የሰረጎደበት ጉድጓድ፣ ዋሻ፣ ከገደል ሥር በአንድ ጊዜ በኃይል የሚፈልቅ ምንጭ።

ሶፍ ዑመር ዝናው ከጣሪያ በተንጠለጠሉ የጠብታ ድንጋዮች አይደለም። የሚደነቅበት ግዙፍ ምሰሶዎቹና ጉልላቶቹ ናቸው፤ በተለይ "የዓምዶች አዳራሽ" የሚባለውን ያየ ሰው ያነጹት እጆች አለመኖራቸውን ለማመን ይቸገራል።

በነገራችን ላይ፣ በኢትዮጵያ ዋሻ ሁሉ ካርስት አይደለም። ከላሊበላ ራቅ ብሎ የሚገኘው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የታነጸበት ዋሻ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ አለት ውስጥ ነው። በባሌ ተራሮች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የፊንጫ ሐበራ መጠለያም እንዲሁ ነው። ከ40 ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች በዚያ ብርድ ውስጥ ይኖሩ እንደነበር በ2019 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ከዋሻው እስከ ጉድጓድ ውሃ

የኖራ ድንጋዩ በባሌ አያበቃም። በሐረርጌና በድሬዳዋ ዙሪያ፣ በመቀሌ አካባቢም ይገኛል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የአባይን ሸለቆ በመኪና የሚወርድ ተጓዥም ባዛልቱን አልፎ ሲቀጥል ነጣ ያለውን ድንጋይ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደራርቦ ያየዋል። ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ካርቱም ላይ ከነጭ አባይ ጋር የሚገናኘው ነው። በድሬዳዋ አጠገብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም በዚሁ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው፤ በ1933 በተደረገ ቁፋሮ የጥንት ሰው የመንጋጋ አጥንት ስባሪ ተገኝቶበታል።

ለድሬዳዋ ነዋሪ ግን ከአጥንቱ ይልቅ የሚቀርበው የውሃው ጉዳይ ነው። ከተማዋ የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሆን፣ ውሃውን ከያዙት አለቶች አንዱ ይኸው የተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይ ነው። በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ምርመራዎች በውሃው ውስጥ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ የሚመጣ ናይትሬት አግኝተዋል።

ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ዋሻው መመለስ ያስፈልጋል። በአሸዋ ውስጥ የሚሰርግ ውሃ በዝግታ ስለሚሄድ እየተጣራ ይወርዳል። በካርስት ውስጥ ግን ውሃው በቱቦ ይጓዛል፤ የሚያጣራው ነገር የለም። በ1877 በደቡብ ጀርመን ተመራማሪዎች ዳኑብ ወንዝ መሬት ውስጥ በሚሰርግበት ቦታ አሥር ኪሎ ግራም ቀለምና ሃያ ቶን ጨው ጨመሩ። ስልሳ ሰዓት ያህል ቆይቶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የአኽ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጨው ጨው እያለ ፈለቀ። በሰረጎደ ጉድጓድ ውስጥ የተጣለ የሞተ ከብት ወይም ቆሻሻም ጉዞው እንደዚያው ነው። ከአለት ሥር የወጣ ውሃ ንጹሕ ነው የሚለው የቆየ እምነት በባዛልት ወይም በአሸዋ አገር ብዙ ጊዜ ያስኬድ ይሆናል፤ በኖራ ድንጋይ አገር ግን ምንጩ የቱንም ያህል ጥርት ብሎ ቢታይ አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት ግድ ነው። ከዓለም ሕዝብ አሥር በመቶ የሚጠጋው የሚጠጣው እንዲህ ያለ ውሃ መሆኑ ጉዳዩን የጥቂት ተጓዦች ብቻ አያደርገውም።

ለሚገባ ሰው

ውሃው ፈጥኖ መጓዙ ለዋሻ ጎብኚም አደጋው ነው። በሰኔ 2018 በታይላንድ ታም ሉዋንግ ዋሻ 12 ታዳጊዎችና አሠልጣኛቸው በዝናብ ጎርፍ ተከብበው ከሁለት ሳምንት በላይ መቆየታቸውን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ታዳጊዎቹና አሠልጣኙ በሕይወት ወጥተዋል፤ ከአዳኞቹ አንዱ የነበረው ሳማን ኩናን ግን በዚያው ሕይወቱን አጥቷል። ያም ዋሻ የኖራ ድንጋይ ነው።

በሶፍ ዑመር የሚያሳስተው ነገር ስፍራው ቆላና ደረቅ መሆኑ ነው። በዋሻው አፍ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ዝናቡ በላይ በባሌ ተራሮች ላይ ሊሆን ይችላል፤ የሚወርደው ውሃ ደግሞ በዚያው በጠበበው መንገድ ያልፋል። ስለዚህ ከመግባት በፊት መጠየቅ ያለበት "እዚህ ዘንቧል ወይ?" ተብሎ ሳይሆን "ደጋው ላይ ዘንቧል ወይ?" ተብሎ ነው። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ቅጠልና ጭራሮ መሸከም ከጀመረ ወዲያው መውጣት እንጂ መጠበቅ የለም።

መተላለፊያዎቹ እርስ በርስ የተጠላለፉ በመሆናቸው ያለ አካባቢው መሪ መግባት አይመከርም። እያንዳንዱ ሰው ከአንድ በላይ መብራት ሊይዝ፣ ውጭ ለሚቀር ሰውም የሚመለስበትን ሰዓት ሊነግር ይገባል፤ የስልክ መብራት ከመብራት አይቆጠርም። የሌሊት ወፍ ኩስ በተከማቸበት ደረቅ ስፍራ አቧራውን መቀስቀስ ሳንባን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ሊያስከትል ስለሚችል አፍና አፍንጫን መሸፈን ጥሩ ነው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሶፍ ዑመር ግን ከ2011 ጀምሮ በዕጩነት ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት የሚሻ ሰው በዲንሾ በኩል የዌብን የላይኛውን ሸለቆ በእግሩ ተጉዞ፣ ከዚያ በሮቤና በጎሮ በኩል አድርጎ ወደ ቆላው ይወርዳል። በዋሻው ውስጥ መንገዱ ወንዙን በበርካታ ቦታ ስለሚያቋርጥ፣ ውሃው በሚጎድልበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ መሄድ ይመረጣል።