በጥላ መካከል የታየው ብርሃን

የብርሃን ጠባይ ምን እንደ ሆነ የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ተከራክረውበታል። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1690 ባሳተመው መጽሐፍ ብርሃን ሞገድ ነው ሲል፣ አይዛክ ኒውተን በ1704 ባወጣው ድርሰቱ ብርሃን የጥቃቅን አካላት ፍሰት ነው ወደሚለው አስተያየት አዘነበለ። የኒውተን ስም ገናና ስለ ነበረም አብዛኞቹ ሊቃውንት ለመቶ ዓመት ያህል እርሱን ተከተሉ።

ሞገድ ማለት ቁስ አካሉ ራሱ ሳይጓዝ ንዝረቱ ኃይልን ይዞ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲተላለፍ ነው። በኩሬ ላይ ድንጋይ ሲወረወር ክቦቹ እየሰፉ ይሄዳሉ፤ በውሃው ላይ ያለው ቅጠል ግን ባለበት ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ከፍታ ከከፍታ ቢገጥም ይበረታሉ፤ ከፍታ ከዝቅታ ቢገጥም ይጠፋፋሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ያንግ በ1801 ብርሃንም ይህ ጠባይ እንዳለው ቢያስረዳ ብዙ ሰሚ አላገኘም።

የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ብርሃን በነገሮች ጠርዝ ሲያልፍ ስለ መታጠፉ የውድድር ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ፣ የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ የነበረው ኦጉስታን ፍሬኔል በ1818 ጽሑፉን አስገባ። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ሲሜዎን ፑዋሶን የሞገድን ሐሳብ አይቀበልም ነበር። የፍሬኔልን ስሌት ተከትሎ ቢያሰላ፣ በአንዲት ክብ ዝርግ ነገር ጥላ መካከል ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት የሚል ውጤት አገኘ። ይህም የማይመስል ነገር በመሆኑ ሐሳቡን የሚያፈርስ መሰለው። ሌላው ዳኛ ፍራንሷ አራጎ ግን 2 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ክብ ብረት ሞከረው፤ ነጥቡም ታየ። ሽልማቱ በ1819 ለፍሬኔል ተሰጠ።

ሆኖም የሞገዱ ዓይነት ገና አልታወቀም ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ ሲያልፍ አየሩ የሚነዝረው በጉዞው አቅጣጫ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው፤ ብርሃንም እንዲሁ ይመስል ነበር። ነገር ግን በክሪስታል አልፎ ለሁለት የተከፈለ ብርሃን እንደገና ሲገናኝ አንዱ ሌላውን አላጠፋም። ስለዚህ ፍሬኔል በ1821 የብርሃን ንዝረት ጉዞውን የሚያቋርጥ ነው ሲል ገለጸ። ወዳጁ አራጎ እንኳ በዚህ ሊተባበረው አልደፈረም።

ፍሬኔል በ1827 በ39 ዓመቱ ሞተ። ጀምስ ክላርክ ማክስዌል በ1865 ብርሃን የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ መሆኑን በስሌት ሲያመለክት፣ አቋራጭ ንዝረቱ ጸና። አልበርት አይንስታይን ደግሞ በ1905 ብርሃን እንደ ጥቃቅን አካላትም እንደሚሠራ አሳየ፤ ክርክሩም አንዱን ወገን ብቻ አሸናፊ አላደረገም። የፑዋሶን ስሌት ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ ሳይሞከር መፍረዱ ነበር።