ያልተሰማ ምስክር፦ ስለ ሜሪ ቱዶር የ1939 መመረቂያ ጽሑፍና ስለ ዌንደል ጆንሰን ነገረ መንተባተብ

ባለፈው ምእት ዓመት በአሜሪካ ስለ መንተባተብ የተጻፈውን የሚመረምር ሰው፣ ከየትኛውም ወገን ቢነሣ፣ በመጨረሻ ከአንድ ስም ደጃፍ መድረሱ አይቀርም፤ ይኸውም የአዮዋ ዩኒቨርሲቲን የአንደበት ሕመም ጥናት ለረጅም ዘመን የመራው፣ ራሱም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲንተባተብ የኖረው ዌንደል ጆንሰን ነው። ትምህርቱ ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው፦ ሕፃናት ሁሉ አፍ ሲፈቱ ቃል ይደጋግማሉ፣ ዐረፍተ ነገርም ጀምረው ይተዋሉ፤ ይህም የተፈጥሮ ግብር ነው። ወላጅ ወይም መምህር ይህን የተፈጥሮ ግብር «መንተባተብ» ብሎ የሰየመው ዕለት ግን ልጁ ስለ አነጋገሩ መስጋት ይጀምራል፣ ስጋቱም እውነተኛውን ሕመም ይወልዳል። እንግዲህ በጆንሰን ዘንድ ስም ከደዌው ይቀድማል፤ የደዌው ምክንያትም የሰሚው ፍርድ እንጂ የተናጋሪው አካል አይደለም። ይህ መጣጥፍ ያን ትምህርት ይቃወማል፤ የሚቃወመውም በኋላ ዘመን በተገኘ ዕውቀት ብቻ ሳይሆን፣ ከጆንሰን ከራሱ ጉባኤ ቤት በወጣ፣ እርሱ ራሱ በተቈጣጠረውና ሳያሳትመው በተወው የአንዲት ደቀ መዝሙሩ የማስተርስ ጽሑፍ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስለ ትምህርት ክፍሉ አመሠራረት ክርክር ስለሌለኝ አላበዛም። የሥነ ልቡና ሊቁ ካርል ሲሾር በአዮዋ ያቀደውን ሥልጠና ጨርሶ በ1924 ዶክቶራቱን የተቀበለው ሊ ኤድዋርድ ትራቪስ ነበር፤ በዓመቱ በ1925 የሙያው ማኅበር ቆመ፤ ትራቪስም የመንተባተብን ምክንያት በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች የሥልጣን ሽሚያ ውስጥ ሲፈልግ ቈይቶ በ1938 ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ከእርሱ በኋላ ወንበሩን የያዘው በ1931 በዚያው ቤት ዶክቶራቱን የተቀበለው ጆንሰን ነው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በአገራችን የቅኔ ቤት ሥርዐት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ አጥንቶ ቢደግም ተቀኘ አይባልም፤ በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ዘርፎ ማቅረብ ግዴታው ነው፣ መምህሩም ከነገረው ሌላ ይዞ ሲመጣ ደስ ይለዋል። በአዮዋ የነበረው የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከዚህ የተለየ ጠባይ ነበረው፦ መምህሩ ንድፈ ሐሳቡን ይዘረጋል፣ ደቀ መዛሙርቱ በየመመረቂያ ጽሑፋቸው የንድፈ ሐሳቡን አንዳንድ ማእዘን እንዲፈትኑ ይመደባሉ፣ የተገኘውም ውጤት ለመምህሩ መጽሐፍ ግብር ሆኖ ይገባል። ውጤቱ ትምህርቱን የሚደግፍ ሲሆን ስሙ ይነሣል፤ የሚያፈርስ ሲሆን ደግሞ ጥራዙ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ በጸጥታ ይቀመጣል። የምከራከርባቸው ሁለቱ ጉዳዮች የእነዚህ የሁለቱ ዕጣዎች ምሳሌዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ስሙ የተነሣው ነው። በአይዳሆ ግዛት በሚኖሩት የባኖክና የሾሾኒ የአሜሪካ ሕንድ ነገዶች ዘንድ የሚንተባተብ ሰው እንዳልተገኘ፣ በቋንቋቸውም ለመንተባተብ የሚሆን ቃል እንደሌለ፣ ከደቀ መዛሙርት የመጣለትን ወሬ ይዞ ጆንሰን በ1944 አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ አርእስቱም ሕንዶቹ ለነገሩ ቃል የላቸውም የሚል ነበር። ጆን ስናይድኮር በ1947 ይህንኑ አጸና። ቃሉ ከሌለ ደዌው የለም የሚለው ይህ አንቀጽ እጅግ የሚያስደንቅ ውበት ስላለው በየመማሪያ መጽሐፉ ተዛመተ፣ ብዙ ተማሪም እንደ ጸሎተ ሃይማኖት አጠናው። ኤድዊን ሌመርት ግን በ1953 በሰሜን ምዕራብ ፓስፊክ ዳርቻ ከሚኖሩት ነገዶች ዘንድ ሄዶ የሚንተባተቡም ሰዎች፣ ስሙም እንዳሉ መሰከረ፤ ቆይቶም በ1983 ዚመርማንና ጓደኞቹ፣ ከነዚህም አንዱ ሕዝቡንና ቋንቋውን ለብዙ ዘመን ያጠናው ስቬን ሊልየብላድ ነበር፣ በዚያው በባኖክና በሾሾኒ ሕዝብ ዘንድ መንተባተብም፣ ለእርሱ የሚሆኑ ብዙ ቃላትም መኖራቸውን አስረዱ። እንግዲህ ጠፍቶ የነበረው የሕዝቡ ቃል ሳይሆን የጠያቂው ጆሮ ነበር፤ የማያውቁትን ቋንቋ በአስተርጓሚ እየጠየቁ፣ ያልሰሙትን ቃል የለም ማለት ምን ያህል አደገኛ እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያስተምር ምሳሌ አላውቅም።

ይህን ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስቸግርም። ልሳናችን ቃሉን የሚደጋግመውን ተብታባ፣ ፊደሉን የሚያዛባውን ኮልታፋ፣ ቃል ጨርሶ የማይወጣለትን ዲዳ ብሎ ለይቶ ይጠራል፤ ተንተባተበ የሚለው ግስም ድምፁን በመደጋገም የነገሩን መልክ ራሱ ይሥላል። የጆንሰን ትምህርት እውነት ቢሆን ኖሮ እንዲህ ስሙን አጥርቶ የለየ ሕዝብ ከሌላው ይልቅ በተብታቦች በተሞላ ነበር፤ ስሙን ከመስማቱ በፊት በሦስት ዓመቱ መንተባተብ የጀመረ ልጅም በየሰፈሩ ባልተገኘ ነበር። በኦሪት ዘፀአት ሙሴ ስለ አንደበቱ ክብደት ለእግዚአብሔር የተናገረውን ያነበበ ምእመን፣ ነገሩ ከሰሚ ፍርድ የተወለደ ነው ብሎ ያሰበበት ጊዜ የለም።

ሁለተኛውና ዋናው ጉዳይ ግን በመደርደሪያ ላይ የቀረው ጥራዝ ነው። በጥር 1939 የጆንሰን ደቀ መዝሙር የነበረችው ሜሪ ቱዶር በዳቬንፖርት ከተማ ወደሚገኘው የወታደሮችና የመርከበኞች ልጆች ማሳደጊያ ሄደች። ከዚያ ከነበሩት ሕፃናት 22ቱ ተመረጡ፤ ዐሥሩ የሚንተባተቡ፣ ዐሥራ ሁለቱ ንግግራቸው የተቃና ነበሩ። ከዐሥሩ ተብታቦች አምስቱ አነጋገራችሁ ደኅና ነው፣ ተብታባም አይደላችሁም ተባሉ፤ አምስቱ በእውነት ትንተባተባላችሁ ተባሉ። ከዐሥራ ሁለቱ ደኅኖች ስድስቱ ተመሰገኑ፤ የቀሩት ስድስቱ ግን የመንተባተብ ምልክት ታይቶባችኋል፣ ሳትጠነቀቁ አትናገሩ፣ በትክክል መናገር ካልቻላችሁም ዝም በሉ ተባሉ። ከወላጆቻቸው ተለይተው የሚያድጉ፣ የሚሟገትላቸውም ሰው የሌላቸው ሕፃናት መሆናቸውን የዚህ መጣጥፍ ጸሐፊ ያለ ኀዘን ሊጽፈው አልቻለም። ፈተናው እስከ ግንቦት ዘለቀ፤ አምስት ዳኞችም የሕፃናቱን አነጋገር ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ነጥብ መዘኑ።

የዚህ ፈተና አሠራር ምንም ጭካኔ ቢኖርበት፣ ለንድፈ ሐሳቡ ከዚህ የቀረበ ሚዛን አልነበረም። ስም ደዌን የሚወልድ ከሆነ፣ ስሙ የተለጠፈባቸው ስድስቱ ደኅና ሕፃናት ሊንተባተቡ፣ ስሙ የተነሣላቸው አምስቱ ተብታቦችም ሊፈወሱ ይገባ ነበር። ኒኮሊን አምብሮዝና ኤሁድ ያይሪ ጥራዙን መርምረው በ2002 ባሳተሙት ሐተታ እንዳስረዱት፣ በጽሑፉ የተመዘገበው ቍጥር ያን ትምህርት አይደግፍም፤ ደኅኖቹ ተብታቦች ሆኑ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም፣ ስሙ የተነሣላቸውም በዚያ ምክንያት አልዳኑም። ሰዎች ሁሉ ስለ ስድስቱ ሲናገሩ፣ ስለ እነዚህ ስለ አምስቱ የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ ለእኔ ግን ክርክሩን የሚቈርጠው የእነርሱ ምስክርነት ነው፤ ምክንያትን ያነሣ ውጤቱንም ሊያነሣ ይገባዋልና። ጆንሰን ይህን ሁሉ አንብቦ ፈረመ፣ ቱዶርም ተመረቀች፤ እርሱም በ1946ቱም በ1959ኙም መጽሐፉ ያንኑ የቀደመውን ትምህርት ማስተማሩን ቀጠለ።

ሕፃናቱ ጥቂቶች ናቸው፣ ጊዜውም አጭር ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በዚህ ቍጥርና በዚህ ጊዜ ፈተናው ይበቃል ብሎ የወሰነው ጆንሰን ራሱ ስለ ሆነ፣ ውጤቱ ሲከፋ ሚዛኑ ጐደለ ማለት ከደቀ መዛሙርቱ አፍ አያምርም። ለወላጆች የሰጠው ምክር፣ ልጅን በንግግሩ አታሸማቅቁ የሚለው፣ ብዙ ቤት አሳርፏል የሚሉም አሉ፤ ምክሩ መልካም ነው፣ ነገር ግን መልካም ምክር ለተሳሳተ ትርጓሜ ዋስ አይሆንም፤ ያው ትርጓሜ ነውና የስንቱን እናት ልብ ልጄን ተብታባ ያደረግሁት እኔ ነኝ በሚል ጸጸት የሞላው። በ2010 ዴኒስ ድሬይናና ጓደኞቹ ከመንተባተብ ጋር የተያያዙ የዘር ምልክቶችን ካሳተሙ በኋላስ ነገሩን በቤተሰብ ጆሮ ላይ ብቻ መጣል እንዴት ይቻላል? የእኔም ንባብ በሌሎች ንባብ ላይ የቆመ በመሆኑ፣ ጥራዙን በሌላ ዐይን የሚመረምር ሊቅ ቢነሣ ለመታረም ዝግጁ ነኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሕተት ደግሞ ከተቃራኒው ወገን የመጣ ነው። በ2001 የሳን ሆዜ ጋዜጣ ነገሩን ገልጦ ካወጣ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ፣ በ2007ም የአዮዋ ግዛት 925,000 ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማ። ይህ ፍርድ የተገባ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ጋዜጦች ሙከራው ደኅና ልጆችን ተብታባ አደረገ ብለው ጻፉ፤ ይህን ሲጽፉም ጆንሰንን እየወቀሱ የጆንሰንን ትምህርት አጸኑለት፣ ስም ደዌን ይወልዳል የሚለውን በማስረጃ የተረጋገጠ አስመሰሉለት። እርሱ ራሱ ያላገኘውን ድል ከሳሾቹ ሰጡት።

ታዲያ በእነዚያ በስድስቱ ላይ ምን ደረሰ? ቱዶር የመዘገበችው ይህን ነው፦ መናገር ፈሩ፣ መልሳቸው አጠረ፣ ዐይናቸውን ሰበሩ፣ ከመናገር ዝም ማለትን መረጡ። ይህ መንተባተብ አይደለም፤ ይህ ኀፍረት ነው። የአምስቱ ዳኞች ነጥብ የሚመዝነው የተነገረውን ቃል ነበር፤ ያልተነገረውን አይመዝንም፣ አንድ ቃል ብቻ ተናግሮ ዝም ያለ ሕፃንም ቃል የሚደግምበት ስፍራ ስለሌለው በዚያ ሚዛን ላይ ደኅና ተናጋሪ መስሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጥራዙ በአንድ ሽፋን ውስጥ ሁለት ምስክርነት ይዟል፦ በቍጥር የተጻፈው የመምህሯን ትምህርት ያፈርሳል፣ በቃል የተጻፈው ደግሞ መምህሯ ያልጠየቀውን ጉዳት ይናገራል። ቱዶር ይህን ሁለተኛውን ሳታየው አልቀረችም፤ ፈተናው ካለቀና መመረቂያዋ ከተፈረመላት በኋላ ሦስት ጊዜ ወደ ዳቬንፖርት ተመልሳ፣ አነጋገራችሁ ከመጀመሪያውም ደኅና ነበር ብላ ለሕፃናቱ ልትነግራቸው ሞክራለች።