የቡሃቃው ቅሪት

አዲስ ዓለምን የወለዳት የማገዶ እጦት ነው። በ1893 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ዙሪያዋ ተመንጥሮ እንጨት ሲጠፋ፣ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሊያዞሩ አሰቡ፤ ቤተ መንግሥትም ማሠራት ጀመሩ። በኋላ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አተረፋት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

የማገዶ ነገር ሲነሳ እናቴ ቡሃቃ ስታጥብ ትዝ ትለኛለች። የፈላ ውሃ አታስነካውም ነበር። ምሥጢሩ ከአብሲት ጋር አንድ ነው፦ ሊጥ የፈላ ውሃ ውስጥ ሲማሰል ገንፎ መስሎ ይወፍራል። ዕቃው ላይ የቀረው ሊጥም ሙቅ ውሃ ሲያገኘው እንዲሁ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ ጠርዙን በእጇ ትጠርጋለች፤ የደረቀውን በቀዝቃዛ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ማገዶም አይባክንም።

ግርጌው ላይ ግን ትንሽ ትተዋለች። አንድ ቀን ላግዛት ብዬ ሙልጭ አድርጌ በሳሙና ፈተግኩት። አልተቆጣችም፤ «በል እንግዲህ፣ ጎረቤት ሂድና እርሾ አምጣ» አለችኝ።

ቆሻሻ የመሰለኝ የነገው እንጀራ ነበር። አዲስ ዓለምም መናገሻ ባትሆን፣ ከዕቅዱ በቀረው ደብር ዛሬም ይቀደሳል።