ከደምቢያ ወረርሽኝ እስከ ጎንደር የጤና ኮሌጅ

ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተንጣለለው የደምቢያ ሜዳ በ1953 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰባት ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበራትም። የነበሩት ጥቂት ሐኪሞችም አብዛኞቹ የውጭ አገር ዜጎች ሲሆኑ፣ የሚሠሩት በአዲስ አበባና በጥቂት ከተሞች ነበር።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ ጋር በመተባበር በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም ላፍራ አላለም፤ ቡድን ላፍራ አለ እንጂ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ግቢ ይማሩ ነበር፤ ትምህርታቸውን ከማጠናቀቃቸው በፊትም አንድ ላይ ወደ ማሠልጠኛ ጤና ጣቢያዎች ይሰማራሉ። ከእነዚህም አንዱ እዚያው ደምቢያ ውስጥ የሚገኘው የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ ነበር። የአሠራሩ ብልኃት እዚህ ላይ ነው። ጤና መኮንኑ በወባ የታመመውን ሲያክም፣ ሳኒታሪያኑ ትንኙ የሚራባበትን ረግረግ ይመረምራል፤ ነርሷም ቤት ለቤት እየዞረች ነፍሰ ጡሮችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች። አንዱ ያየውን ሌላው ካላወቀ ሥራው ጎዶሎ ነው። (ለገበሬው ግን የማዕረጉ ልዩነት ብዙም ግድ አይሰጠውም፤ መድኃኒት የሰጠው ሁሉ ሐኪም ነው።)

ችግሩ የመጣው ከምሩቃኑ የወደፊት ዕድል ነው። ጤና መኮንኑ በገጠር ብቻውን የሐኪም ኃላፊነት ቢሸከምም የሚያድግበት መሰላል አጭር ነበርና ብዙዎች ሕክምና ለመማር ሄዱ። በ1978 በላይፕሲግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በጎንደር የሕክምና ትምህርት ሲጀመር፣ የጤና መኮንኖች ሥልጠና በዚያው ዘመን ተቋረጠ። የአልማ አታ ጉባኤ መሠረታዊ የጤና አገልግሎትን ለዓለም ያወጀውም በዚያው ዓመት መሆኑ ያስገርማል። ሐኪም ማሠልጠን ተገቢ ነበር፤ ለእርሱ ሲባል ቡድኑን መበተን ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ስሕተት ነበር።

በ1983 የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ትምህርቱን በማኅበረሰቡ ውስጥ በማካሄድ ሐሳቡን መልሶ አነሣው። የጤና መኮንኖች ሥልጠናም በ1990ዎቹ እንደገና ተጀመረ፤ በጎንደርም የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ የሚወጡበት የቡድን ሥልጠና ተመለሰ።