«ትርፍ» የተባለው ሐዲድ

ከጎንደር ተነስቶ በሳንጃ በኩል ወደ ሁመራ የወረደ መንገደኛ፣ ተከዜን ሲሻገር ኦም ሐጀርን፣ አልፎም ተሰነይን ያገኛል። ባቡር ለሳንጃ ቆላ ቀረብ ብሎ የነበረው በዚህ በኩል ነው። ቀረበ እንጂ አልደረሰም። ለምን?

ጣሊያኖች ከምጽዋ የጀመሩት ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1911 አሥመራ፣ በ1922 ከረን፣ በ1928 አቆርዳት፣ በ1932 ቢሻ ደረሰ። ሐሳባቸው ወደ ተሰነይ መቀጠል ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ደግሞ እንግሊዞች ከከሰላ አጠገብ እስከ ተሰነይ የራሳቸውን ዘረጉ። የኤርትራው ሐዲድ ስፋት 95፣ የሱዳኑ 106.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ታዲያ ቢገናኙስ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ መች ይሄዳል?

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። የጣሊያን ንብረት ሁሉ የአሸናፊው ምርኮ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1942 ከአቆርዳት እስከ ቢሻ ያለው ሐዲድ ተነቀለ። ከምጽዋ አሥመራ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ በአየር የተዘረጋው ተለፈሪካም በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ፈረሰ። ሲልቪያ ፓንክረስት ይህን የመንቀል ሥራ በብዕሯ አጥብቃ ተቃውማለች።

እርግጥ ነው፣ በ1942 ሮሜል ግብጽ ገብቶ ነበር፤ ብረትም ብርቅ ነበር። የጦር አዛዥ ለዛሬ እንጂ ለነገ አያስብም። ግን «ትርፍ» የሚለውን ቃል ማነው የሚሰጠው? ለጦሩ መዝገብ ትርፍ የሆነው ለቆላው ገበሬ ገና ያልተጀመረ ነገር ነው። ሐዲዱ ባይነቀል ሳንጃ ይገባ ነበር ማለቴ አይደለም። ጥያቄው እንኳ ሳይነሳ ተዘጋ ነው የምለው።

በኋላ በእርስ በርሱ ጦርነት የኤርትራው ባቡር ቆመ፤ ሐዲዱና አግዳሚ ብረቱ ተነቅሎ ምሽግ ተሠራበት። ሰላም ሲሆን ግን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ሠራተኞች ሳይቀሩ ተጠርተው፣ ብረቱን ከየምሽጉ ለቅመው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የምጽዋ አሥመራን መስመር መልሰው አቆሙት። አገር ውስጥ የቀረ ብረት ተለቅሞ ይመለሳል። የቢሻው ሐዲድ ግን እስከ ዛሬ አልተተካም፤ የሳንጃም ሰሊጥ ዛሬም የሚጫነው በመኪና ነው።