ናይሮቢ ለምትማሩ፦ የአታችመንት ቦታና የማታቱ ሂሳብ

ኬንያ ውስጥ ኮሌጅ ስትገቡ ከክፍል ወጥታችሁ ማኅበረሰቡ መሀል የምትሠሩት ልምምድ አለ፤ እዚህ «አታችመንት» ይሉታል። ነጥብ አለው፣ ደመወዝ ግን ብዙ ጊዜ የለውም። ትራንስፖርቱም ከኪስ ነው።

እኔ የምኖረው ኢስሊ ነው። መጀመሪያ የተመደብኩት ቲካ መንገድ፣ ካሃዋ አካባቢ ነበር። በ6 ወይም በ9 ቁጥር ማታቱ ታውን እወርዳለሁ፣ ከዚያ በእግር ሄጄ የቲካ መንገዱን እይዛለሁ። ደርሶ መልስ በቀን አራት ጊዜ መክፈል ማለት ነው። ዝናብ ከጣለማ ሂሳቡ ወዲያው ይጨምራል። በሦስተኛው ሳምንት ገንዘቤ አለቀና ቀረሁ፤ ልምምዱ ሊሰረዝብኝ ትንሽ ነው የቀረው።

ያተረፈኝ ቦታ መቀየሬ ነው። ኢስሊም እኮ ማኅበረሰብ ነው! ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም አለ፤ አማርኛና ኦሮምኛ የሚያስተረጉምለት የሚፈልግም ሞልቷል። ምደባ ሳይወጣ በእግር የምትደርሱበትን ቦታ ራሳችሁ ፈልጉ፣ የተቀባይነት ደብዳቤ አጽፋችሁ ለአስተባባሪው ስጡ።

ሩቅ ከሆነባችሁ ሂሳቡን ሳትጠይቁ አትሳፈሩ። የስደተኛ መታወቂያችሁንና የኮሌጁን ደብዳቤ ያዙ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ ሊጠይቅ ይችላል። ከካኩማ ወይም ከዳዳብ የምትመጡ ደግሞ የጉዞ ፈቃዳችሁ ልምምዱ እስኪያልቅ የሚያቆያችሁ መሆኑን ሳትነሱ በፊት እዩ።